በርሜል ያልነካው

ሰው መጠጥ ሲያሸት አልወድም። ወጥ ሲያሸት፣ አድሮበት ይሆናል እላለሁ። ሸሚዝ ሲያሸት፣ ላቡን ፈርቶ ነው እላለሁ። መጠጥ ግን ወይ ይጠጣል ወይ ይተዋል። አፍንጫን ብርጭቆ ውስጥ ነክሮ፣ ዓይን ጨፍኖ፣ ቅዳሴ የሚሰማ ይመስል አንገት ደፍቶ መቆየት ምን የሚሉት ጣጣ ነው? እስቲ ንገሩኝ! እንዲህ የሚያደርግ ሰው ሳይ ደሜ ይፈላል። ያለ ምክንያት አይደለም። ልንገራችሁና ፍረዱኝ።

ስሜ አበጀ ነው። መርሳ ላይ፣ ከደሴ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት ዳር ጋራዥ አለኝ። ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ሥር ተኝቻለሁ። ከሰማይ ይልቅ የመኪና ሆድ ያየሁበት ጊዜ ይበልጣል። እናቴ አበጀ ያለችኝ የተበላሸውን ሁሉ እንዳበጅ ተመኝታ ይሆናል። ያበጀሁትን አሁን ትሰማላችሁ።

ታላቅ እህት አለችኝ። ስሟ ዘነቡ ነው፤ እኔ ግን በስሟ ጠርቻት አላውቅም፣ እታለም ነው የምላት። እታለም አረቄ ታወጣለች። ዝም ብሎ አረቄ እንዳይመስላችሁ፤ ዳግም ነው። አንዴ የወጣው ተመልሶ ይጣድና ሁለተኛ ይወጣል። ከውርጌሳ እስከ ወልድያ ያለ ሾፌር ሁሉ ያውቃታል። የመኪና ቁልፍ በእጁ ለያዘ ሰው ግን አትቀዳም። «ቁልፉን እዚያ ጋ አስቀምጥና እደር፤ ያኔ እቀዳልሃለሁ» ትላለች። እሷ ራሷ በስለት ከተወች ስንት ዓመቷ! ጠብታ መዳፏ ላይ አድርጋ፣ አሽታ፣ ታሸተዋለች። ታዲያ እሷስ ታሸት የለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። የእሷ ሥራ ነው! ሐኪም ደረት ሲያዳምጥ ማን ይስቃል?

ችግሩ ጭሱ ነው። ጭሱ ዓይኗን እየበላባት ነው። ወልድያ ወስጄ አስመረመርኳት፤ ሐኪሙ ከጭስ ራቂ፣ አለዚያ የቀረሽም ብርሃን ይሄዳል አላት። ከጭስ ርቃ ምን ትብላ? በጦርነቱ ጊዜ ጋኗም እንስራዋም እንክትክት ብሎ፣ ከአንድ ማሰሮ ነው እንደ አዲስ የተነሣችው። በየቀኑ ትጥዳለች፣ በየቀኑ ዓይኗ ያለቅሳል። አጠገቧ ቆሜ ሳያት እናደዳለሁ። በማን እንደምናደድ ግን አላውቅም። በእሳቱ?

ይሄ ሁሉ እያለ ደምሴ መጣ። ደምሴ ድሮ ሾፌር ነበር፤ መኪናውን የምጠግንለት እኔ ነበርኩ። አሁን ወልድያ ላይ ሆቴል ከፍቷል። ለእታለም፣ ለሆቴሌ የሚሆን ለየት ያለ አረቄ ከሰጡኝ ያወጡትን ሁሉ እኔ እወስዳለሁ አላት። ዓመቱን ሙሉ። እሳቱን የምታነድ ጉልበት ያላት ልጅ ይቅጠሩ፤ እርስዎ ከጭስ ርቀው ተቀምጠው በአፍንጫዎ ብቻ ይዘዙ አላት። እታለም ያን ቀን ማታ ራቷን ሳትበላ ተኛች፤ ከደስታ። ገባችሁ አይደል? ጨዋታው ስለ አረቄ አልነበረም። ስለ ዓይኗ ነው።

ለየት ያለ ማለት ምን እንደሆነ ላሳያችሁ ብሎ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሆቴሉ ጠራን። ሦስት ጠርሙስ ደረደረ። ተኪላ ይባላል አለ። ለየሆቴሉ መጠጥ የሚያቀርብ አንድ የአዲስ አበባ ሰው ነው ያመጣለት። አንደኛው ውሃ የመሰለ ነጭ ነው። ሁለተኛው ቀጠን ያለ ጠጅ ይመስላል። ሦስተኛው ሻይ፣ ያውም ተረስቶ የጠቆረ ሻይ። ሦስቱም አንድ መጠጥ ናቸው አለን። ነጩ እንደወጣ የታሸገ ነው። ሁለተኛው በርሜል ውስጥ ወራት ተኝቷል፤ ሦስተኛው ዓመታት። ዋጋቸውም በእንቅልፋቸው ልክ ነው አለ። እኔ መናደድ የጀመርኩት እዚህ ላይ ነው። ሠላሳ ዓመት መኪና ሥር ስተኛ ማን ዋጋ ጨመረልኝ?

ብርጭቆዬን ላነሳ ስል፣ ተው! አለኝ። መጀመሪያ ይሸተታል። አሸተትኩ። ቫኒላ አልሸተተህም ወይ አለኝ። ቫኒላን የት አውቄው! ማሩስ አልሸተተህም አለኝ። የተጠበሰ እንጨትስ? ቆዳስ? ቆዳ! ኧረ ወገን! ቆዳ ሊሸተው ብሎ መጠጥ የሚገዛ ሰው፣ ጫማውን አውልቆ ለምን አይገላገልም? ይሄን ሁሉ ከዚያ ከአዲስ አበባው ሰው ነው የተማረው። እኔ ሦስቱንም ተራ በተራ ጭልጥ አደረግኋቸው። ነጩ በደንብ አቃጠለኝ፤ ወደድኩት። ሁለተኛው ረገብ ያለ ጨዋ ነው። ሦስተኛው ደግሞ፣ ከዋሸሁ ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ እንደ ቅቤ ነው የወረደው። ይሄም አናደደኝ። ደምሴ ልክ እንዲሆን አልፈለግኩም ነበር።

እታለም ግን አልጠጣችም። ከየጠርሙሱ ጠብታ ጠብታ መዳፏ ላይ አደረገች። ስለ ነጩ፣ ይሄን እሳት የሚያውቅ ሰው ነው ያወጣው አለች። ስለ ሁለተኛው፣ ይሄ አርፏል አለች። ሦስተኛውን ደጋግማ አሸተተችው። ከዚያ «ከዚህኛው መጠጡ ሳይሆን የኖረበት ቤት ነው የሚሸተኝ» አለች። «የምን ቤት ውስጥ ነው የኖረው?»

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ለዚህች ጥያቄ በደንብ የሚመልስላት አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ ይሄን ሁሉ ባላወራኋችሁ ነበር። ደምሴ ምን አላት? «በርሜል ነዋ፣ እታለም!» አላት። በቃ። በርሜል።

ከምንድን ነው የሚወጣው ብላ ደግሞ ጠየቀችው። ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየን። ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ቃጫ! የወረዳችን የሀብሩ ጋራ ሁሉ ላይ የሚበቅለው፣ አጥር የምናጥርበት፣ አህያ የምናስርበት ቃጫ፤ ባይሆን እንኳ የአጎቱ ልጅ ነው። ግንዱን ቆፍረው፣ ጠብሰው፣ ጨምቀው ነው የሚያወጡት አለ። እኛ ገመድ ስንፈትልበት፣ ሰው አገር መጠጥ ሆኖ፣ በርሜል ውስጥ ተኝቶ፣ ተሸትቶ! እታለም ሳቀች። እኔ ጠረጴዛውን መታሁት።

ከዚያ ደምሴ ወደ ጉዳዩ ገባ። የእርስዎ አረቄ እንደ ነጩ ነው፤ ምንም አይወጣለትም፤ ግን በርሜል ውስጥ ጥቂት ወራት ቢተኛልኝ፣ እንደ ሦስተኛው ይሆናል አለ። ከፋሲካ በኋላ የአዲስ አበባው ሰው ሲመጣ እናስቀምሰዋለን፤ እሱ ካመሰገነው ነገሩ አለቀ አለ። እታለም ወደ እኔ ዞረች። «በርሜል እንኳ ለአበጀ ምንም አይደል» አለች። እኔም ደረቴን ነፍቼ፣ ለእኔ ተዪው አልኳት።

አሁን እናንተ ራሳችሁ ፍረዱ። መርሳ ላይ በርሜል ሲባል ምንድን ነው? ብረት ነው! ናፍጣ የሚመጣበት፣ ውሃ የሚጠራቀምበት፣ ለሁለት ተሰንጥቆ ምድጃ የሚሆን፣ ተዘርግቶ በር የሚሆን። የእኔ የጋራዥ በርም በርሜል ነው። በዚያ ላይ የጠርሙሱን ሥዕል አይቼዋለሁ። ሥዕሉ ላይ ሆዱ የተነፋ በርሜል አለ፤ ወገቡን ቀለበት ዞሮታል። የእኛም በርሜል ወገቡ ላይ ቀለበት አለው! ቀለሙ ግን ቡናማ ነው። እሱ ዝገቱ ነው አልኩ። ምን ልበል ታዲያ? ዓመታት የተኛ በርሜል አይዝግም?

ግዴለሽ ነበርኩ እንዳትሉኝ። መጀመሪያ የሄድኩት ጎረቤቴ ሐጂ ዘንድ ነው። የምግብ ዘይት የመጣበት፣ እንደ መስታወት የጠራ በርሜል አላቸው። ለምን ፈለግከው ሲሉኝ እውነቱን ተናገርኩ። «ለውሃ ነው ብትለኝ በነጻ ውሰደው ባልኩህ ነበር፤ ለአረቄ ግን ወላሂ አላደርገውም፤ አንተም አታስቀይመኝ» አሉኝ። እንዴት አስቀይማቸዋለሁ? ተመለስኩ። ጋራዥ ውስጥ ካሉት ደግሞ የተቃጠለ ዘይት የያዙትን ተውኩ። የናፍጣውን መረጥኩ። ናፍጣ ንጹሕ ነገር ነው። አይደለም?

ሦስት ጊዜ በሳሙና አጠብኩት። በአመድ ፈተግኩት። እንደ ጠላ ጋን በግራዋ አሸሁት፣ በወይራ አጠንኩት። አንድ ሙሉ ቀን ፈጀብኝ። ከዚያ ተሸክመን አስገባነው። እታለም አፍንጫዋን ወደ ቀዳዳው ጠጋ አድርጋ አሸተተች። ቆይታ፣ «አበጀ፣ ይሄ ነገር ናፍጣ ናፍጣ ይለኛል» አለች። ነደድኩ! ሦስት ጊዜ አጥቤ! ጣቴ እስኪላጥ! ጭሱ ዓይንሽን ጨርሶ ወደ አፍንጫሽ ዞረ ወይ አልኳት። ይሄን ማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። እሷ ከጥቅምት ጀምሮ ስትደግመው የከረመችውን አረቄ፣ በማሰሮ በማሰሮ እየቀዳች፣ በርሜሉ ውስጥ ገለበጠችው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ ናፍጣ አይሸተኝም። ሠላሳ ዓመት ፊቴ ላይ ሲንጠባጠብ ኖሮ እንዴት ይሸተኛል? ሚስቴ ድሮ ትጮህ ነበር፤ አሁን እሷም ለምዳዋለች። ግን ይሄን ያን ጊዜ አላሰብኩትም። ማሰብ የጀመርኩት በኋላ ነው።

ጾሙ ገባ፣ ወጣ። ፋሲካ አለፈ። በርሜሉን በመፍቻ ከፈትኩት። ወይ ደስታዬ! ቀለሙ እንደ ሦስተኛው ጠርሙስ! እንዲያውም ከእሱ ይበልጥ ቀላ ያለ! እታለም ኧረ ነይ እይ እያልኩ ጮህኩ። መጣች። መዳፏ ላይ ጠብ አደረገች፣ አሸች፣ አሸተተች። ፊቷ ተለወጠ። ይሄ ዕድሜ ነው አልኳት፤ የቆየ ነገር እንዲህ ነው የሚሸተው፣ ደምሴ ነግሮናል፣ ቆዳ ምናምን አልኳት። «ዕድሜ እንዲህ የሚሸት ከሆነ እኔም እንዲህ ልሸት ነዋ» አለች። ተጨቃጨቅን። ተኳረፍን። በነጋታው አንድ ጠርሙስ ቀድቼ ወደ ወልድያ ልሄድ ስል፣ ነጠላዋን ለብሳ፣ ዘንቢሏን አንጠልጥላ መናኸሪያው ላይ ቀድማኝ ተገኘች። እስከ ወልድያ ድረስ ዘንቢሏን ከጉልበቷ አላወረደችም።

ሆቴሉ ስንደርስ የአዲስ አበባው ሰው ተቀምጧል። በዚያ ሙቀት አንገቱ ላይ ስካርፍ ጠምጥሟል። ደምሴ አራት ብርጭቆ ደረደረ፤ ሦስቱ የተኪላ፣ አራተኛው የእኛ። ባለ ስካርፉ የእኛን አነሣ። ወደ መስኮቱ አቅንቶ አየው። አወዛወዘው። ከዚያ አፍንጫውን ነከረ። ዓይኑን ጨፈነ። ጠበቅን። እኔ ላብ አጠመቀኝ።

«ጭስ» አለ። ደምሴ ፈገግ አለ። «ቆዳ» አለ። ደምሴ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ። «ብረት... አዎ፣ ብረት። የተራራ ማዕድን ነገር። ይሄ እኮ ከሦስቱም ይበልጣል! ስንት ዓመት ነው የተኛው?» አለ። አያችሁልኝ? እኔ ልቤ ዘለለ። እታለምን ዞሬ አየኋት፤ አላልኩሽም ለማለት። በቃ፣ ከጭሱ ተገላገለች ብዬ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሰውየው ብርጭቆውን ወደ አፉ አስጠጋ።

እታለም ተነሣች። በዚያች በደከመች ዓይኗ፣ ጠረጴዛውን ዳብሳ ዞራ፣ ብርጭቆውን ከከንፈሩ ላይ ነጠቀችው። ወለሉ ላይ ደፋችው። «ልጄ፣ አትጠጣ። ናፍጣ ነው» አለች።

ደምሴ ቀላ። ናፍጣ? አለ። የምን ናፍጣ? እኔም ጮህኩ፤ በርሜል አላልክም ወይ! በርሜል አልኩ እንጂ የናፍጣ በርሜል አልኩ ወይ ብሎ ጮኸ። ሌላ ምን በርሜል አለ ታዲያ! አልኩት። ጠረጴዛውን ደበደበ። «የእንጨት!» አለ። «የእንጨት በርሜል!»

የእንጨት! ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ። የእንጨት በርሜል የሚባል ነገር እንዳለ ሥላሴ ይወቁልኝ አላውቅም። ያ የጠርሙሱ ሥዕል ቡናማው እንጨት ነበር እንጂ ዝገት አልነበረም። ታዲያ እንጨት ከሆነ እንጨት አትልም? አንዲት ቃል እኮ ናት! አንዲት ቃል ሰስቶ የእህቴን ስድስት ወር አስጨረሰኝ! እንዲህ እያልኩ ስጮህ እታለም ክንዴን ያዘችኝ። ለስለስ ባለ ድምፅ፣ እኔም እኮ የምን ቤት ነው ብዬ ጠይቄ ነበር አለች።

ባለ ስካርፉ አፍንጫውን እየጠረገ ሊነሣ ሲል፣ እታለም ዘንቢሏን ከፈተች። አንድ ትልቅ ጠርሙስ አወጣች። ነጭ፣ ጥርት ያለ። ያው የጥቅምቱ ዳግም! ሳሕን ላይ ጠብ አድርጋ ክብሪት ጫረችበት፤ ሰማያዊ ሆኖ ነደደ። ቀዳችለት። ሰውየው በጥርጣሬ ቀመሰው። ደግሞ ቀመሰው። ምንም አልተናገረም። እንዲህ ያለ ሰው ዝም ሲል ከምስጋና ይበልጣል። ደምሴ ጎንበስ ብሎ፣ ይሄስ ምን ይባላል እታለም አላት። እሷም የታመቀው ንዴቷ ገንፍሎ፣ «በርሜል ያልነካው!» ብላ ጮኸችበት።

እኔ ግን ዓይኔ ጠርሙሱ ላይ ነው። ከየት መጣ? ሁሉንም አልገለበጥሽውም እንዴ? እስከ ዛሬ ደብቀሽ አስቀምጠሽ፣ አላመንሽኝም ነበር ማለት ነዋ! አልኳት። «እኔማ አምኜህ ነበር» አለችኝ። «አፍንጫዬ ነው ያላመነህ።»

ደምሴ ቃሉን አላጠፈም። ነጩን ይወስዳል። ሆቴሉ ሰሌዳ ላይ «የመርሳ ዳግም፣ በርሜል ያልነካው» ብሎ ጽፎታል። ሰው ሲያነበው የሆነ ትልቅ ምሥጢር ይመስለዋል። የበርሜሉን አረቄ እኔ ጋራዥ ወስጄዋለሁ፤ ብሎን እነክርበታለሁ። ዝገት የያዘ ብሎን እንዲህ ሲላቀቅ አይቼ አላውቅም። እንግዲህ የጠፋውን ሁሉ እንደ አዲስ ማውጣት አለብን። ልጅ እስክትቀጠር ድረስ እሳቱን የማነደው ማን ይመስላችኋል? ከሰዓት ጋራዡን እዘጋና ምድጃው ሥር እንበረከካለሁ። እታለም በሩ ላይ፣ ነፋስ በሚነፍስበት፣ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታዘኛለች። ቀንሰው ትላለች። አሁን ጨምር ትላለች። ጭሱ ዓይኔ ውስጥ ሲገባ እሳደባለሁ። እሷ ትስቃለች። ስትስቅ ዓይኗ አያለቅስም፤ እንባው ደርቋል። ይሄን ሳይ ስድቤን ረስቼ እንደገና እፍ እላለሁ።

ባለፈው ሳምንት አዲስ ከወጣው የመጀመሪያውን ለደምሴ ይዤለት ሄድኩ። ባለ ስካርፉ እዚያው ነው። በራሴ እጅ ቀዳሁለት፣ በራሴ እጅ አቀበልኩት። ሰውየው እንደ ልማዱ አፍንጫውን ነከረ። አሸተተ። አሸተተ። ከዚያ ቅንድቡን ከፍ አድርጎ፣ መጠጡ ንጹሕ ነው፣ ብርጭቆው ግን ትንሽ ናፍጣ ናፍጣ ይላል አለ።

ደሜ ፈላ! ሦስት ጊዜ ያጠብኩትን በርሜል ቆዳ፣ ተራራ፣ ማዕድን ሲል የነበረ ሰው፣ ዛሬ በየት በኩል ናፍጣ ሸተተው? ልጮህበት አፌን ስከፍት፣ ብርጭቆውን ማን እንዳቀበለው ትዝ አለኝ። ፊቴን አዙሬ እጄን አሸተትኩት።

ምንም አይሸትም።